ጥፋቱ የእስቲኩ ነው

በሰፈራችን ፑል ቤት ተሸንፎ የሚያውቅ ሰው የለም። ጥፋቱ ሁልጊዜ የእስቲኩ፣ የመምቻው ዘንግ፣ ነው።

ስለዚህም ምርጫው ከጨዋታው ይረዝማል። ጥግ ላይ የተደገፉት እስቲኮች አራት ወይ አምስት ቢሆኑ ነው፤ ሁላችንም እናውቃቸዋለን፣ ሁላችንም እናማቸዋለን። ያም ሆኖ ተጫዋቹ አንዱን አንስቶ ጨርቁ ላይ ያንከባልላል፤ ሲዘል አይቶ ራሱን ይነቀንቃል። ቀጥሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ምንሽር ያነጣጥርበታል። በመጨረሻ በመዳፉ መዝኖ «ይሄ ይከብዳል» ይላል። የዓለም አቀፉ ሕግ እስከ 25 አውንስ፣ ማለትም እስከ 700 ግራም ገደማ ይፈቅዳል። ልጁ ግን ከስልኩ የከበደ ነገር ተሸክሞ የሚያውቅ አይመስልም።

ሆን ብሎ ጠማማውን የሚመርጥም አለ። «ወደ ግራ ስለሚስት ወደ ቀኝ አነጣጥራለሁ» ይላል። የሚያናድደው ደግሞ ማሸነፉ ነው።

የእስቲክ ጫፍ ላይ ቆዳ የለጠፈው ፍራንሷ ሚንጎ የሚባል ፈረንሳዊ መኮንን ነው፤ ያሰበውም እስር ቤት ሆኖ ነው ይባላል። ነገሩ ከሆነ 200 ዓመት አልፎታል። እኛ ሰፈር ቆዳው ከወደቀ ስለቆየ የምንጫወተው ከሚንጎ በፊት በነበረው ዘመን ነው። የእስቲኩ ጫፍ የሚታሽበት ሰማያዊ ጠመኔ ሲያልቅ ደግሞ አንዱ ከትምህርት ቤት ነጩን ይዞ ይመጣል። ትክክለኛው ከ1897 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ኳሱን ከሚይዝ ሻካራ ዱቄት ነው፤ የመምህሩ ጠመኔ የሚይዘው ሱሪን ብቻ ነው።

አመታቱማ ጉድ ነው። ከጀርባው አዙሮ የሚመታ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ሊተኛ ምንም ያልቀረው አለ። አንድ እግር መሬት መንካት አለበት ሲባል በአውራ ጣቱ ነክቶ «ይኸው!» ይላል። ከሁሉ ብልጡ ግን ሽንፈት ሲሸተው በግራ እጁ የሚጀምረው ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. የስኑከር (የፑል ዘመድ ነው) ዓለም ሻምፒዮና እንግሊዛዊው ሮኒ ኦሱሊቫን በግራው ሲጫወት ተጋጣሚው አሌን ሮቢዱ ናቀኝ ብሎ ተቀይሞ ነበር። የእኛውን ማንም አይቀየመውም፤ በግራው ቢሸነፍ «በቀኜ ቢሆን ኖሮ» ሊል መሆኑን ስለምናውቅ አስቀድመን ሒሳቡን እንጠይቀዋለን። ደንቡ ግልጽ ነው፣ የተሸነፈ ይከፍላል።

ባለፈው ጋሼ፣ የቤቱ ባለቤት፣ ጭቅጭቁ ሰልችቷቸው ቀጥ ያለ፣ ቆዳው ያልተነካ አዲስ እስቲክ ገዝተው መጡ። ቤቱ ጭር አለ። ማንም ሊያነሳው አልደፈረም። በኋላ አንዱ ተደፋፍሮ አነሳው፤ ተጫወተ፣ ተሸነፈ። ሁላችንም አፉን አፉን አየነው። እሱ ግን ሳይቸኩል በርከክ አለ፤ ከጠረጴዛው እግር ሥር የተሸጎጠውን ካርቶን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ ቀና አለና፣

«ጋሼ፣ ይሄ ጠረጴዛ እኮ ዘሟል» አላቸው።