ኮንፊሽየስ የሽምደዳ መምህር አልነበረም
ይህን አስተያየት የምሰጥበት ጽሑፍ፣ የጥንቱ ቻይናዊ ፈላስፋ ኮንፊሽየስ ተማሪ የሰማውን ሳይጠይቅ እንዲሸመድድ አስተምሯል ማለቱ ትክክል አይደለም። እርሱ ከሞተ በኋላ ደቀ መዛሙርቱ ባሰባሰቡት የንግግሮቹ መድበል ውስጥ፣ ሳያስቡ መማር ከንቱ ድካም፣ ሳይማሩ ማሰብም አደገኛ መሆኑን በግልጽ ተናግሯል፤ የአንድን ነገር አንድ ማዕዘን አሳይቶት የቀሩትን ሦስቱን ራሱ ፈልጎ ለማይመለስ ተማሪም ትምህርቱን እንደማይደግምለት ገልጿል። ለእኔ ከሁሉ የሚልቀው ግን ሌላ ነው፤ ዚሉ እና ራን ዮው የተባሉት ደቀ መዛሙርቱ የሰሙትን ወዲያውኑ በተግባር ማዋል ይገባቸው እንደሆነ በየተራ ሲጠይቁት፣ ችኩል የነበረውን ዚሉን አባትና ታላላቅ ወንድሞች እያሉህ እንዴት ሳታማክር ትሠራለህ ብሎ ሲገታው፣ ወደኋላ የሚለውን ራን ዮውን ግን አዎን፣ ወዲያውኑ ፈጽመው ብሎታል። ብዙ ዘመን ያስተማርሁ ሰው እንደመሆኔ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ በመስጠቴ ያሰናከልኋቸውን ተማሪዎች ይህ ታሪክ ያስታውሰኛል፤ ያሳዝነኛልም። በዚሁ ጽሑፍ ላይ ከእኔ በፊት አስተያየት ሲሰጡ፣ ከራስህ የሚያንስ ወዳጅ አትያዝ የሚለው ምክሩ ትዕቢት ነው ላሉት አንባቢም፣ ኮንፊሽየስ ጠቃሚ ወዳጆች ብሎ የዘረዘራቸው ቅኑን፣ እምነት የሚጣልበትንና ብዙ ያወቀውን እንደሆነ ላስታውስዎ እወዳለሁ፤ ሀብትና ማዕረግ በመስፈርቱ ውስጥ የሉም።