ክርክር፦ ፈጣኑን ጨለማ ቁስ ከመሬት ሥር መጠበቅ ያዋጣል?

ተከራካሪዎቹ የድሬዳዋ ሰዎች ናቸው፦ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህርና ዛሬ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ የሆነው የቀድሞ ተማሪያቸው።

ቆፋሪው፦ ጋሼ፣ እኔ ሳቢያን አካባቢ ቆፍሬ ውሃ ባጣ «ደረቅ» ብዬ እመዘግባለሁ። ጨለማ ቁስን፣ ማለትም ብርሃን የማይሰጠውንና በስበቱ ብቻ የታወቀውን ቁስ፣ የሚፈልጉት ሳይንቲስቶች ግን በደቡብ ዳኮታ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ከመሬት በታች 7 ቶን ፈሳሽ ዜኖን (በቅዝቃዜ ፈሳሽ የሆነ ጋዝ) አስቀምጠው ጠበቁ፤ ጨለማ ቁስ ይሆናል የተባለው ከባድ ቅንጣት ሳይመጣ ቀረ። አሁን ደግሞ «ቅንጣቱ ክብደቱ ቀላል ነው፤ ጥቂቱ ግን እጅግ ይፈጥናል» የሚል መጣ። ደረቅ ጉድጓድ ባጋጠመው ቁጥር «ሃያ እርምጃ ፈቀቅ እንበል» የሚል አማካሪ እኔም አውቃለሁ።

መምህሩ፦ ቅሬታህ ይገባኛል፤ ፍጥነቱ ግን ማምለጫ አይደለም። በጋላክሲያችን የሚዞረው ጨለማ ቁስ በሰከንድ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ቅንጣቱ ከፕሮቶን የቀለለ ከሆነ ግን ይህም አይበቃውም፤ የዜኖን አቶም መምታቱ የጨርቅ ኳስ ጣቢያችን ላይ የቆመ ፉርጎን እንደ መምታት ነው። መሣሪያው አይሰማውም። አሁን ገልብጠህ እየው። ቅንጣቱ በመሣሪያው ውስጥ ያለን ፕሮቶን መግጨት ከቻለ፣ በጠፈር ወደ ብርሃን ፍጥነት ተጠግተው የሚከንፉት የኮስሚክ ጨረር ፕሮቶኖችም እሱን ይገጩታል። ግጭቱ ያው አንዱ ግጭት ነው! የተመታውም ተስፈንጥሮ ይመጣል።

ለዚህ አዲስ ጉድጓድ አያስፈልግም። ጃፓን ውስጥ 1,000 ሜትር ከተራራ ሥር ያለው ሱፐር ካሚዮካንዴ 50,000 ቶን ውሃ ይዟል። በፈጣኑ ቅንጣት ተመትቶ በውሃው ውስጥ ብርሃንን የሚቀድም ፕሮቶን ሰማያዊ ብርሃን ይረጫል፤ አቅጣጫውም ይታወቃል። ጨለማ ቁስ ወደ ተከማቸበት ወደ ጋላክሲው እምብርት ፈልገው በ2023 ውጤቱን አሳተሙ።

ቆፋሪው፦ ተገኘ?

መምህሩ፦ አልተገኘም። «ደረቅ» ብለው መዘገቡ፤ ልክ እንዳንተ።

ቆፋሪው፦ በዚህስ ረቱኝ። ሆኖም የድንጋዩን ነገር እኔ አውቃለሁ። ፕሮቶን በቀላሉ የሚገጨው ቅንጣት ከላይ ያለውን አለትም ይገጫል፤ ኃይሉን በየመንገዱ ጥሎ ታንኩ ጋ ባዶውን ይደርሳል። እምብዛም የማይገጭ ከሆነ ደግሞ ኮስሚክ ጨረሩም ይስተዋል፤ ፈጣኑ ከየት ይመጣል?

መምህሩ፦ በሁለቱ መካከል መስኮት አለ፤ ፍለጋው እዚያ ነው። ለኃይለኛ ገጪው የአለቱን ውፍረት መቀነስ ይቻላል።

ቆፋሪው፦ ከቀነሱት፣ ሽሽቱ ከእሱ የነበረው ኮስሚክ ጨረር ራሱ ይገባባቸዋል፣ ጋሼ።