አውሮፕላኑ ይነሳል!

ደሜ እንደፈላ ነው የምጽፈው። 11ኛ ክፍል የምትማረው ልጄ የፊዚክስ ፈተና ወረቀቷን ይዛ ከመጣች ሦስት ሳምንት አለፈ፤ እኔ ግን ዛሬም ወረቀቱን ባየሁ ቁጥር እንቅልፍ አጣለሁ።

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ አንድ አውሮፕላን እንደ መንደርደሪያ ረጅም በሆነ ተንቀሳቃሽ ቀበቶ ላይ ቆሟል። ሻንጣ የሚያመላልሰውን ዓይነት ቀበቶ አስቡ። አውሮፕላኑ ወደ ፊት በሄደበት ፍጥነት ልክ ቀበቶው ወደ ኋላ ይሄዳል። አውሮፕላኑ ይነሳል ወይስ አይነሳም? ምክንያት ስጥ። ልጄ «ይነሳል» ብላ በአራት መስመር ምክንያቷን ጻፈች። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙትና ከጎኑ «አይነሳም፤ ፍጥነቱ ዜሮ ይሆናል» ብለው ጻፉ። ከ3 ነጥብ ዜሮ።

ይነሳል! ልጄ ትክክል ናት።

ስህተቱ የሚመጣው አውሮፕላንን እንደ መኪና ከማሰብ ነው። የመኪና ሞተር ጎማውን ያዞራል፤ ጎማው በሰበቃ አማካይነት አስፋልቱን ወደ ኋላ ይገፋል፤ አስፋልቱም በምላሹ መኪናውን ወደ ፊት ይገፋዋል። ሰውም በመሮጫ ማሽን ላይ ሲሮጥ በእግሩ የሚገፋው ወለሉን ነው፤ ወለሉ ከሸሸበት ባለበት ይቀራል። የአውሮፕላን ሞተር ግን ከጎማው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። አየሩን ወደ ኋላ ይወረውራል፣ አየሩ ደግሞ አውሮፕላኑን ወደ ፊት ይገፋዋል። ጎማው በነጻ ይሽከረከራል እንጂ የሚገፋው ነገር የለም። ቀበቶው ታዲያ ምኑን ይዞ ነው አውሮፕላኑን የሚያስቀረው? የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ በቃሉ የሚወጣ ተማሪ ሞልቷል፤ ማን ማንን እንደሚገፋ ጠይቆ መልስ የሚፈልግ ግን ስንት ነው?

ያን ዕለት ማታ ነጠላዬን በምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁና የታናሽ ወንድሟን መጫወቻ መኪና ክር አስሬ አስቀመጥኩበት። ልጄ ከወዲያ ጫፍ ሆና ነጠላውን ወደ ራሷ ትስባለች፤ እኔ ከወዲህ ክሩን ወደ እኔ እስባለሁ። መኪናዋ ወደ እኔ መጣች። ነጠላውን በኃይል በሳበችው ቁጥር የመኪናዋ ጎማዎች ይበልጥ ፈጠኑ፣ መኪናዋ ግን መምጣቷን አልተወችም። ክሩን የያዘው እጄ ነጠላው ላይ አልቆመም፤ የአውሮፕላኑ ሞተር የሚገፋው አየርም እንዲሁ ቀበቶው ላይ አልቆመም። ለዚህ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ ነጠላና ክር ይበቃል።

ሰበቃውን ረሳሽ የሚለኝ ካለ አልረሳሁትም። ቦይንግ 737-800 በሙሉ ጭነቱ ወደ 79 ቶን ይመዝናል። በጠንካራ መንደርደሪያ ላይ የጎማዎቹ የመሽከርከር ሰበቃ ከዚህ ክብደት 2 በመቶ ገደማ ነው፤ ይህም ከ2 ቶን በታች የሆነ ኃይል ማለት ነው። ሁለቱ ሞተሮቹ በባሕር ጠለል ላይ በአንድነት ከ20 ቶን በላይ ይገፋሉ። ጎማው በእጥፍ ፍጥነት ቢሽከረከርም ሰበቃው በእጥፍ አያድግም። ፈተናው ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ እንዲያውም ሌላ ነው፦ በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚነሳ አውሮፕላን እንዲህ ባለ ቀበቶ ላይ ጎማው በ540 ፍጥነት ይዞራል፤ የዚህ ዓይነት አውሮፕላን ጎማ ግን የሚሠራው እስከ 360 ገደማ ለሚደርስ ፍጥነት ነው። ጎማው ይችለዋል ወይ? ይህን ቢጠይቁ አጨበጭብላቸው ነበር።

ደግሞ የምንኖረው አዲስ አበባ ነው! ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ይላል፤ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ክንፉ ያንኑ ክብደት ለማንሳት በሳሳ አየር ውስጥ የበለጠ መፍጠን አለበት፤ ሞተሩም በሳሳ አየር ጉልበቱ ይቀንሳል። ቦሌ ወደ 3,800 ሜትር የሚደርስ ረጅም መንደርደሪያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አብራሪዎች ነፋስን ፊት ለፊት ገጥመው መነሳት የሚመርጡትም ክንፉ የሚያውቀው የአየርን ፍጥነት እንጂ የመሬትን ስላልሆነ ነው። ከትምህርት ቤቱ ግቢ ሆኖ ቀና ያለ ተማሪ በየደቂቃው አውሮፕላን ሲያልፍ ያያል። ምሳሌው በራሳችን ላይ እየበረረ እኛ ቁልፍ መልስ እናነባለን።

ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። «መምህር፣ አውሮፕላኑን ወደ ፊት የሚገፋው ምን እንደሆነ ይንገሩኝ» አልኩ በትሕትና። «ሞተሩ» አሉኝ። «ሞተሩ ጎማውን ያዞራል?» ዝም አሉ። ቀጥለው «እህቴ፣ ቁልፉ ላይ ያለው መልስ አይነሳም ነው» አሉ። ነጠላውንና መኪናዋን ይዤ ነበር፤ ሁለት ደቂቃ ብቻ ለመንኳቸው። ክፍለ ጊዜ አለኝ ብለው ሄዱ። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ «ለ3 ነጥብ ነው ይህን ያህል? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉኝ። እስኪጠራ ድረስ ነጥቡ ካርዷ ላይ ይሰፍራል እኮ!

መምህሩ ተሳሳቱ ብዬ አልተቆጣሁም። ይህ ጥያቄ ብዙ የተማረ ሰው አሳስቷል። አንዳንዱ አጻጻፍማ ቀበቶው ከጎማው የመሽከርከር ፍጥነት ጋር እኩል ነው ስለሚል፣ አውሮፕላኑ እንዳይንቀሳቀስ አስቀድሞ ወስኖ ነው የሚጠይቀው፤ በዚያ ላይ መከራከር ይቻላል። የልጄ ፈተና ግን እንደዚያ አልተጻፈም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 በቴሌቪዥን ትንሽ አውሮፕላን ረጅም ሸራ ላይ አቁመው፣ ሸራውን በመኪና ወደ ኋላ እያስጎተቱ ሞክረውታል፤ አውሮፕላኑ ተነሳ። ያንገበገበኝ ሁለት ደቂቃ መከልከሌ ነው። ፊዚክስ እኮ የሚሞከር ትምህርት ነው!

ትናንት ሌላ ፈተና ነበራቸው፤ ያው ጥያቄ በትንሹ ተቀይሮ ወጣ። ልጄ «አይነሳም፤ ፍጥነቱ ዜሮ ይሆናል» ብላ ጻፈች። 3 ከ3። «ነጠላውን ስትስቢ አይተሽው የለም ወይ?» አልኳት።

«አይቻለሁ እማዬ። ነጥቡን ግን እፈልገዋለሁ።»