የአዝቴክ የልብስ ሕግ "ፍትሐዊ ነበር" ለሚሉን

ሰሞኑን አንድ የዩቲዩብ ውይይት ላይ የቀረቡ እንግዳ ስፔኖች ከመግባታቸው በፊት በዛሬዋ ሜክሲኮ ስለነገሡት ስለ አዝቴኮች ሲያወሩ "የልብስ ሕጋቸው እኮ ፍትሐዊ ነበር፣ ሰው የሚለብሰው በዘሩ ሳይሆን በጀግንነቱ ነው" አሉና አወያዩም ራሱን እየነቀነቀ አሳለፈው። እኔን ግን አንገበገበኝ፣ እንዲህ ያለ ወሬ ሲደጋገም እውነት ሆኖ ይቀራላ።

ጀግንነት ያሉትን እንየው እስቲ። ዲዬጎ ዱራን የሚባለው የዶሚኒካን መነኩሴ በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንደጻፈው፣ በአዝቴኩ ንጉሥ በቀዳማዊ ሞንቴዙማ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1440–1469) የወጣው ሕግ ተራውን ሰው ጥጥ እንዳይለብስ ይከለክላል። የተፈቀደለት ማጌይ ከሚባል እሾሃማ ተክል የሚወጣ ቃጫ ብቻ ነው። እኛ ጋ ገመድና ጆንያ የሚሠራበት ቃጫ የዚሁ ተክል ዘመድ ነው፣ ምንም ቢያለሰልሱት ጥጥ አይሆንም። ኩታው ደሞ ከጉልበት መውረድ የለበትም፣ ቁርጭምጭሚቱ ጋ ካደረሰው ይገደላል። በልብስ ርዝመት ሰው ይገደላል! የሚያድነው አንድ ነገር ነው፣ ጦርነት ላይ እግሩን ቆስሎ ከሆነ ረዘም ያለ ይፈቀድለታል። ለአንድ ክንድ ጨርቅ ሥጋህን ገብረህ ማለት ነው፣ ይሄ ነው እንግዲህ ፍትሕ የተባለው።

የንጉሥ ልጅም ቢሆን ካልዘመተ እንደ ተራ ሰው ይልበስ የሚል ደንብ ነበር፣ አልክድም። ምርኮኛ የያዘም በያዘው ልክ ያሸበረቀ ኩታ ይሸለማል። ግን ይሄ በር የተከፈተው ለማነው? ጦር ሜዳ ለሚውል ወንድ። ጨርቁን የሠራችው ሴትዮስ?

ሰው የሚዘለው እዚህ ጋ ነው። ዋና ከተማቸው ቴኖችቲትላን ከባህር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ናት፣ ጥጥ አይበቅልባትም፣ ከቆላው አገር በግብርም በንግድም ነው የሚመጣው፣ የሚፈትሉትና የሚሸምኑት ደሞ ሴቶች ናቸው፣ በየቤታቸው፣ የድሩን አንድ ጫፍ ምሰሶ ላይ ሌላውን ወገባቸው ላይ አስረው። ስፔኖች ከገቡ በኋላ የተዘጋጀውን ኮዴክስ ሜንዶዛ የሚባል የአዝቴኮች ባለሥዕል መጽሐፍ ገልጣችሁ የልጅ አስተዳደግ የተሳለበትን ቦታ እዩት። የ4 ዓመት ልጅ እናቷ የመፍተያ ዕቃ ታሳያታለች፣ በ6 ዓመቷ ትፈትላለች፣ በ9 ዓመቷ ሰነፍሽ ተብላ እጇ በማጌይ እሾህ ይወጋል፣ በ14 ዓመቷ ሽመና ላይ ናት፣ ምግቧም ሁለት ቶርቲላ (የበቆሎ ቂጣ) ተብሎ አጠገቧ ተስሏል። እዚያው መጽሐፍ ላይ የግብሩ ዝርዝር ጋ ስትሄዱ ደሞ ኩታ በኩታ ነው፣ በየሥዕሉ አናት ላይ 400 የሚል ምልክት፣ 400፣ 400፣ 400 እያለ ገጽ ይሞላል። ያቺ ልጅ ተራ ቤት ከተወለደች በእጇ የሸመነችውን የጥጥ ኩታ አባቷ ትከሻው ላይ ቢያደርገው ሕጉ ግደሉት ነው የሚለው። ኳችትሊ የሚሉት ነጭ ኩታ ገንዘብም ነበር፣ ገበያ ላይ በካካዋ ፍሬ ይመነዘራል፣ ስለዚህ ጥጥ አትልበስ ማለት ሀብት አትያዝ ማለት ነው፣ ጉዳዩ የጌጥ ብቻ አይደለም። ይሄን ሁሉ ትቶ ስለ ጀግንነት ማውራት የእነዚያን ሴቶች ድካም መርገጥ ነው።

"ሕዝቡ ወዶ ተቀብሎት ነው የኖረው" ብለዋል ደሞ። የተቀበለ ሰው ይደበቃል? ፖችቴካ የሚባሉት ነጋዴዎች ከብዙዎቹ መኳንንት ያልተናነሰ ሀብት ነበራቸው፣ ግን ሳሃጉን የሚባለው የስፔን መነኩሴ እንደመዘገበው ከንግድ ሲመለሱ ከተማ የሚገቡት በሌሊት ነው፣ ዕቃቸውን ሸፍነው፣ በአደባባይም የነተበ የማጌይ ኩታ ጣል አርገው ነበር የሚሄዱት። ሀብታቸው ከታየ ጠላት እንደሚያፈራባቸው ያውቃሉ። ፍርሃት ነው ይሄ፣ ከፈቃደኝነት ጋር ምንም አያገናኘውም።

"በዘር አይደለም" ላሉት ደሞ መልሱን ዳግማዊ ሞንቴዙማ ራሱ ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1502 ሲነግሥ ከሱ በፊት የነበረው አሁዊትዞትል የሾማቸውን ከተራው ወገን የመጡ ሰዎች ከቤተ መንግሥት አባሮ በመኳንንት ልጆች ተካቸው፣ ዱራን በግልጽ ጽፎታል። እንግዳው ሌላ ጊዜ ሲቀርቡ እነዚያ ሰዎች የተባረሩት ምን አጉድለው እንደሆነ ይንገሩን፣ ጀግንነት ነው ዘር?