ነገ ወይም ከነገ ወዲያ

ለሕፃን ልጅ «ወይም» ብሎ ቃል መግባት ኪስ ይጎዳል። የእህቴ ልጅ አምስት ዓመቱ ነው፤ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው የሚያድገው። «ቆሎ ወይም ጭብጦ እሰጥሃለሁ» ካላችሁት ሁለቱንም እጁን ይዘረጋል። አንዱን ብትሞሉለት ሌላኛው እንደተዘረጋ ይቆያል። አያቱ «ምን ያለው ሆዳም ነው በማርያም!» ትለዋለች።

ሳይንስ ግን ይከራከርለታል። ራጅ ሲንግ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ገና ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ያሉ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆችን ጠየቁ። «ልጁ ፖም ወይም ሙዝ ይዟል» ሲባሉ፣ ብዙዎቹ ሁለቱንም ሲይዝ ነው «ልክ» ያሉት። አንዱን ብቻ ከያዘ፣ ስህተት! እርግጥ ሁሉም ጥናት ይህንኑ አላገኘም፤ በሌሎቹ ልጆቹ አንዱም ቢሆን ሁለቱም ቢሆን ልክ ነው ብለው አልፈዋል። «አንዱን ብቻ፣ ሁለቱን አይሆንም» የሚለው የአዋቂ ንፉግነት ግን ዘግይቶ የሚመጣ ነው።

ንፉግነቱ ከየት መጣ? ፈላስፋው ፖል ግራይስ በ1967 እ.ኤ.አ. ሃርቫርድ ላይ እንዳስረዳው፣ አድማጭ የሚያሰላው የተባለውን ብቻ አይደለም፤ ሊባል ሲችል የቀረውንም ነው። ሁለቱንም ሊሰጠኝ ቢያስብ «ቆሎና ጭብጦ» ይለኝ ነበር፤ አላለም፤ እንግዲያው አንዱን ነው። ይህን የሸዋ ሽማግሌ ሃርቫርድ ሳይሄድ ያውቀዋል። ልጅ ግን ያልተባለ ነገር ከራሱ ጎትቶ አያመጣም። እነ ሲንግ እንደሚሉት፣ የሚያነጻጽረው ጆሮው ከገባው ጋር ነው። ቆሎ ብቻ አላለኝም፤ ጭብጦ ብቻም አላለኝም፤ ስለዚህ ሁለቱንም ነው። እስቲ ስህተቱን ፈልጉለት።

በቅርቡ ለአንድ ጉዳይ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ «ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ብቅ ይበሉ» ተባልኩ። በማግስቱ ሄድኩ። ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። በሚቀጥለው ቀንም ሄድኩ። ማኅተሙን የምትይዘው ልጅ ለለቅሶ ደብረ ሲና ወርዳለች። የእህቴ ልጅ ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያውም የሁለት ቀን ስንቅ ቋጥሮ ይወጣ ነበር።

«አንዳንድ»ም ያው ነው። ተመራማሪው አይራ ኖቬክ በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት «አንዳንድ ቀጭኔዎች ረጅም አንገት አላቸው» የመሳሰሉ ዐረፍተ ነገሮችን ለፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች አቀረበ። የ8 ዓመት ልጆች 89 በመቶውን ጊዜ ተቀበሉት፤ አዋቂዎች 41 በመቶውን ብቻ። አዋቂው «እንዴ፣ ሁሉም አይደሉም ወይ?» ብሎ ይቆጣል። ለልጅ ሁሉም ካላቸው አንዳንዶቹም አላቸው፤ አለቀ።

የዕድራችን ሰብሳቢ «አንዳንድ አባላት የዚህን ወር አልከፈሉም» ሲሉ ዞር ዞር ብለን ጥፋተኛውን ፈለግን። መዝገቡ ሲከፈት የከፈለ አንድም ሰው የለም፤ ሰብሳቢውም ጭምር። በ8 ዓመት ልጅ ሚዛን ግን ሰውየው አልዋሹም።

ከሁሉ የባሰው ደግሞ «ሁሉም» ነው። ሦስት ልጆች ሦስት አህያ ላይ ተቀምጠዋል፤ አራተኛዋ አህያ ባዶዋን ቆማለች እንበል። ሥዕሉን አሳዩና «ሁሉም ልጅ አህያ ላይ ተቀምጧል?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ሕፃን «አይ!» ይላል። ለምን? «ያቺኛዋስ?» ብሎ ባዶዋን አህያ ይጠቁማችኋል። የልጆችን አስተሳሰብ ያጠኑት ዣን ፒያዤና ባርቤል ኢንሄልደር የዚህን ዓይነት መልስ ድሮ አስተውለውታል። ልጁ «ሁሉም»ን ሳያውቀው ቀርቶ ነው ወይስ ጥያቄው ግራ አጋብቶት? ምሁራኑ ዛሬም ይጨቃጨቁበታል።

የእኛ አገር ባለ ድግስ ግን ዕድሜ ልኳን የምትቆጥረው እንደ ልጁ ነው። ዶሮ 12 ብልት አላት። ስምንት እንግዳ ተቀምጦ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ከደረሰው፣ በሎጂክ ሁሉም በልቷል። እህቴ ግን የምታየው እንግዳውን ሳይሆን ድስቱን ነው። «ምን በላችሁና! ይኸው ፈረሰኛው እንኳ ገና ቆሟል!» እዚያ አህያዋ ጋላቢ አጣች፤ እዚህ ፈረሰኛው በላተኛ አጣ። ጠግቤያለሁ ብዬ ማልኩ። «በሞቴ!» አለችኝ። ምን ይደረጋል፣ በላሁ። ገና ሦስት ብልት አለ።