ቤዝ የሚመታው ልጅ ስም የለውም እንዴ?

ሰሞኑን አዲስ አበባ ነበርኩ። አንድ ምሽት ከዘመዶቼ ጋር ሙዚቃ ልንሰማ ከብሔራዊ ቴአትር ብዙም ወደማይርቅ ሆቴል ገባን። ባንዱ ሰባት ሰው ነው። ድራም፣ ቤዝ (ወፍራም ድምፅ የሚያወጣው ጊታር)፣ ሊድ ጊታር፣ ሁለት ኪቦርድ፣ ሳክስፎን፣ ትራምፔት። ዘፋኞቹ እየተፈራረቁ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ባንዱ ግን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከመድረኩ ንቅንቅ አላለም። መድረክ መሪው አንድ ዘፋኝ በጠራ ቁጥር "ተወዳጁ"፣ "አንጋፋው"፣ "የምንጊዜም ንግሥታችን" እያለ ማዕረግ ይደረድራል። አዳራሹ ያጨበጭባል። ብሩ ግንባር ላይ ይለጠፋል። መጨረሻ ላይ "ባንዱንም እናመሰግናለን" አለና መብራቱ በራ። በቃ፣ አለቀ።

ሰባት ሰው አምስት ሰዓት ሙሉ ሲጫወት አምሽቶ አንድ ስም አልተጠራም።

እኔን የያዘኝ ቤዝ የሚመታው ልጅ ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሞላው ነው። ጥግ ላይ፣ ከድራሙ አጠገብ፣ መብራት እንኳ በደንብ በማይደርስበት ቦታ ቆሟል። አንዱ አንጋፋ ዘፋኝ ትዝታ እየዘፈነ ግጥም ጠፋበትና አንድ ዙር ዘለለ። ልጁ ቀና ብሎ ድራመሩን በዓይኑ ጠቀሰው። ኪቦርዱን በአገጩ አመለከተው። ከዚያ መላውን ባንድ ይዞ አብሮት ዘለለ። አንዲት ምት አልተሰበረችም። ዘፋኙ እንዳልተሳሳተ ሆኖ ቀጠለ፤ ሰውም ጮኸለት፣ ሸለመው። ያን ዘፈን ያዳነው ግን ጥግ ላይ የቆመው ልጅ ነበር።

"ይሄ ልጅ ማን ነው?" ብዬ ጠየቅኩ።

"የቱ?"

"ቤዝ የሚመታው።"

"እንጃ። የባንዱ ልጅ ነው።"

አስተናጋጁንም ጠየቅኩት። እዚያ ቤት ዓመታት ሠርቷል። "ዘፋኞቹን ከሆነ ሁሉንም ልንገርሽ" አለኝ። በጣም አናደደኝ። የተናደድኩት በአስተናጋጁ አይደለም፤ በሁላችንም ነው።

የምኖረው ስዊድን ነው። መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ሃምሳ ዓመት ያለፈው አንድ ባልደረባ አለኝ። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ስለ ራሱም ብዙ አያወራም። አንድ ጊዜ ለሥራ በመኪና ወደ ደቡብ ስንሄድ ሊዩንግቢ የምትባል ከተማ ከመድረሳችን በፊት "አምስት ደቂቃ ታገሺኝ" ብሎ ከአውራ ጎዳናው ወጣ። የወሰደኝ አንድ የመታሰቢያ ድንጋይ ጋ ነው። ሜታሊካ የሚባለው የአሜሪካ ሮክ ባንድ ቤዝ ተጫዋች የነበረው የክሊፍ በርተን መታሰቢያ ነው። (ቀኖቹንና ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) መስከረም 27 ቀን 1986 ከስቶክሆልም ወደ ኮፐንሃገን ሲጓዙ ሌሊት አውቶቡሳቸው እዚያ አካባቢ ተገልብጦ ሞተ። ገና 24 ዓመቱ ነበር። ድንጋዩ የቆመለት በ2006 ነው፤ ከሞተ ከ20 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ድንጋዩ ሥር አበባ አለ። የቢራ ጣሳ አለ። የጊታር ክር የሚመታበት ፒክም ተቀምጧል። ባልደረባዬ ፒኩን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። "ክሊፍ በፒክ አይደለም፣ በጣቱ ነው የሚመታው" አለኝ፤ ልክ ስለ ወንድሙ እንደሚያወራ ሰው።

መኪና ውስጥ ስንመለስ ጠየቅኩት። ዘፋኝ እያለ፣ ሊድ ጊታር እያለ፣ ሰው እንዴት ቤዝ ተጫዋች ላይ እንዲህ ይወድቃል? ያ ዝምተኛ ሰው መቶ ኪሎ ሜትር ሙሉ አወራ። በልጅነቱ አልበሙን ሰምቶ "ይሄ ድምፅ የምንድን ነው?" ብሎ ጀመረ። በመጀመሪያው አልበማቸው ላይ ለቤዝ ሶሎ የተሰጠ ትራክ አለ፤ እሱ ግን ጊታር መስሎት ነበር። ሽፋኑን ገልብጦ ስሙን አነበበ። ፎቶውን አየ፤ ሌሎቹ ጠባብ ሱሪ ሲለብሱ ክሊፍ እግሩ ሰፊ የሆነ ቤል ቦተም ለብሷል። ቀጥሎ ታሪኩን ሰማ። ሎስ አንጀለስ የነበሩት የባንዱ ልጆች በ1982 ክሊፍን ከሌላ ባንድ ጋር ሲጫወት አይተው ካልገባህልን ሲሉት "እኔ ወደ እናንተ አልመጣም፣ እናንተ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ኑ" አላቸው። ለአንድ ቤዝ ተጫዋች ብለው ባንዱን ጠቅልለው ሄዱ። ባልደረባዬ ይህን ሲነግረኝ መሪውን በእጁ መታ። ከዚያ በኋላ ቤዝ ገዛ። ዛሬ ልጁም ይመታል።

ከስም ወደ ፎቶ፣ ከፎቶ ወደ ታሪክ፣ ከታሪክ ወደ መሣሪያው። የመጀመሪያው ደረጃ ስም ነው። ስሙ ሽፋኑ ላይ ባይጻፍ ኖሮ የቀረው ሁሉ አይመጣም ነበር።

ፈረንጆቹ ይህን ነገር ድሮ ነው የጀመሩት። የእንግሊዞቹ ባንድ ቢትልስ የካቲት 9 ቀን 1964 አሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ ሲቀርቡ 73 ሚሊዮን ሰው አይቷቸዋል። ካሜራው አንድ በአንድ ፊታቸው ላይ እየሄደ ከሥር ስማቸውን ጻፈ። ፖል፣ ሪንጎ፣ ጆርጅ፣ ጆን። ጆን ጋ ሲደርስ ደግሞ "ይቅርታ ልጃገረዶች፣ እሱ አግብቷል" የሚል ጨመሩበት። ሀገሩ ሁሉ በማግሥቱ "የአንቺ የትኛው ነው?" መባባል ያዘ። ብዙዎች የመረጡት ከኋላ የተቀመጠውን ድራመር፣ ሪንጎን ነበር። "ሪንጎን እወዳለሁ" የሚል ባጅ ደረታቸው ላይ ሰክተው ይዞሩ ነበር። ጆርጅ አንድ ዓይነት ከረሜላ እወዳለሁ በማለቱ ኮንሰርት ላይ ከረሜላ እንደ በረዶ ይወርድበት ነበር።

ከዚያም በፊት፣ ገና ዓለም ሳያውቃቸው፣ በነሐሴ 1962 ድራመራቸውን ፒት ቤስትን አባረው ሪንጎን ሲያመጡ ሊቨርፑል ውስጥ አድናቂ ጮኸባቸው። ረብሻው እየባሰ ሄዶ ጆርጅ ሃሪሰን በቦክስ ተመቶ ዓይኑ ጠቆረ። መማታቱን አልደግፍም። ግን አስቡት፤ ድራመር ተቀየረብን ብሎ የሚጣላ ሕዝብ! እኛ ጋ ድራመሩ በዘፈን መሀል ቢቀየር ስንቱ ቀና ብሎ ያያል?

"የእኛ ሙዚቃ የግጥም ነው፣ ሰው የሚሰማው ዘፋኙን ነው" የሚሉኝ አሉ። እውነት የመሰለኝ ጊዜም ነበር። ግን ጌታቸው መኩሪያ ያለ አንዲት ቃል፣ በሳክስፎን ብቻ ሽለላ አሰምቶን የለም እንዴ? ፀጉር የሚያቆመው ያ ድምፅ ግጥም የለውም። ዋልያስ ባንድ በመሣሪያ ብቻ የሠሯቸውን ዜማዎች ሬዲዮ በየፕሮግራሙ መሀል ሲያሰማን አድገን የለም? ዜማውን ሁላችንም እናንጎራጉረዋለን። ኪቦርዱን ማን ይጫወታል ቢባል ግን ስንቶቻችን እንመልሳለን?

ኃይሉ መርጊያ ነው። ከዋልያስ ጋር ሂልተን ሲጫወት ኖሮ በ1981 ባንዱ አሜሪካ ሲሄድ እዚያው ቀረ። ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ዓመታት አለፉ። ኪቦርዱን ከታክሲው ኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዞ፣ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ እያወጣ ይለማመድ ነበር። ስንቱ አበሻ እዚያ ታክሲ ውስጥ ገብቶ ማን እንደሚነዳው ሳያውቅ ወርዷል! በ2013 የድሮ ሥራው በውጭ ሰው እንደገና ታትሞ ሲወጣ የፈረንጅ ወጣት ተሰልፎ ገባለት። ጌታቸው መኩሪያም እንደዚያው ነው። በእርጅናው ዘመን ዘ ኤክስ የሚባሉ የሆላንድ ፓንክ ሮክ ተጫዋቾች ከሥሩ ሆነው አጀቡት፤ አልበምም በ2006 አብረው አወጡ። ኤሌክትሪክ ጊታር እያስጮኸ ያደገ የአምስተርዳም ወጣት የእኛን ሽማግሌ በስሙ እየጠራ ይጮኽ ነበር። ጌታቸው በ2016 ዐረፈ። ፈረንጅ እስኪያውቅልን ለምን እንጠብቃለን?

የሮሃ ባንድን ነገር አንሱት ደግሞ። ካሴት ሲባል ሮሃ የሌለበት ቤት አልነበረም። ቤዙ ጆቫኒ ሪኮ፣ ጊታሩ ሰላም ሥዩም ነው። እነዚህን ሁለት ስሞች የሙዚቃ ሰው ያውቃቸዋል። ሰርጋችንን፣ ልደታችንን፣ ገናችንን በእነሱ ጣት የጨፈርን ሰዎች ግን አብዛኞቻችን መንገድ ላይ ብናገኛቸው ሰላም ሳንል እናልፋለን።

አዲስ አበባ ልጅ አድናቆት አይችልበትም እንዳይባል፣ ሲችልበትም አይቻለሁ። ጃኖ ባንድ በ2012 የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ የእህቴ ልጅ ተማሪ ነበረች። አልበሙን ፕሮዲዩስ ያደረገው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው። ኤሌክትሪክ ጊታር ከእኛ ዜማ ጋር፣ ሁለት ወንድ ሁለት ሴት ዘፋኝ ፊት ለፊት። እሷ ግን አራቱንም ትታ ጊታር የሚመታውን መረጠች። ፎቶውን ስልኳ ላይ አድርጋው ነበር። "ዘፋኞቹን ሁሉም ይወዳቸዋል፤ እሱን ግን እኔ ነኝ ያገኘሁት" አለችኝ። ስለ አድናቂ ልብ ከዚህ የተሻለ የነገረኝ ሰው የለም። ባልደረባዬም ቢሆን ከዚህ የተለየ አላለኝም። ሰው ራሱ ፈልጎ ያገኘውን ነው አጥብቆ የሚይዘው። ጃኖዎች ስማቸውንም ፊታቸውንም ስላሳዩን ነው እሷ መፈለግ የቻለችው።

ይህ ጉዳይ እንዲህ የሚያንገበግበኝ ግን ያለምክንያት አይደለም። አጎቴ ጊታሪስት ነበር። በደርግ ጊዜ በአዲስ አበባ ሆቴሎች ተጫውቷል። ያኔ ሰዓት እላፊ ስለነበር የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ቀን ደግሞ ካሴት ይቀርጻሉ። ዛሬ ሰባዎቹን አልፏል። ዘንድሮ አብረን ከለገሃር ወደ ፒያሳ ሚኒባስ ተሳፈርን። ቸርችልን ስንወጣ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ፣ ሬዲዮው አንድ የድሮ ዘፈን ለቀቀ። የአጎቴ ግራ እጅ ጉልበቱ ላይ መንቀሳቀስ ጀመረ። መጀመሪያ የሚያንቀጠቅጠው መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ ጣቶቹ ኮርድ እየያዙ ነው። መግቢያዋን ሶሎ አንድም ሳያስቀር ጉልበቱ ላይ ተጫወታት።

"ጋሼ፣ ይሄ አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ" አለኝ ቀስ ብሎ።

ዘፈኑ ሲያልቅ የሬዲዮው ልጅ የዘፋኙን ስም አለ። የግጥሙን ደራሲ አለ፣ የዜማውን ደራሲ አለ። ከዚያ ማስታወቂያ ገባ። አጎቴ "ወራጅ አለ" አለና ወረድን።

ነገሩ የክብር ብቻ አይደለም፣ የእንጀራም ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ለከዋኝም መብት ሰጥቷል፤ መሣሪያ የተጫወተው ሰውም ከዋኝ ነው። ይህን ሰምተን አጎቴ ለተጫወተባቸው ካሴቶች ምን መጠየቅ እንደሚቻል ለማወቅ አንድ ቢሮ ሄድን። የመጀመሪያው ጥያቄ "መጫወትዎን የሚያሳይ ማስረጃ አለ?" የሚል ነበር። ማስረጃ! ካሴቱ ላይ ያለው የዘፋኙ ፎቶ ነው። ውል የለም፤ ያኔ ሒሳቡ በእጅ ተቆጥሮ ነው የተሰጠው። ዘፋኙ ሞቷል። አሳታሚው ሱቅ ከተዘጋ ቆይቷል። የራሱ ፎቶዎች ደግሞ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ሲፈርስ ወደ ኮንዶሚኒየም ሲገባ በዕቃ መሀል ጠፉ። የሰሙን ልጅ ክፉ ሰው አልነበረም። "አባባ፣ ስምዎ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ቢኖር ኖሮ" አለው። የለም። ለዚያ ሁሉ ዓመት ሥራ ስሙ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት የለም።

ወጥተን ደረጃው ላይ ቆምን። እኔ እንባዬ መጣ። እሱ "ተዪው ልጄ፣ እኛ እኮ ደስ ብሎን ነው የተጫወትነው" አለኝ። እኔ ግን አልተውኩትም።

ከዘመዶች ቤት አንድ ፎቶ ብቻ ተገኘ። ስድስት ሰው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሸሚዝ፣ ከኋላ መጋረጃ። ቢሮው ምስክርም ይቀበላል ተብለናል፤ ስለዚህ አብረውት የነበሩትን እየፈለግኩ ነው። ሁለቱ ሞተዋል። አንዱ ዋሽንግተን አለ፣ አግኝቼዋለሁ፤ ሊመሰክር ፈቃደኛ ነው። ድራመሩ በሰማንያዎቹ መጨረሻ ወደ ካናዳ መውጣቱን ብቻ ነው የምናውቀው። ትራምፔት የያዘውን አጎቴ የሚያስታውሰው በቅጽል ስሙ ነው። አባታችሁ ወይም አጎታችሁ በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ሆቴሎች ውስጥ መሣሪያ የተጫወተ ከሆነ፣ እባካችሁ ቤት ያሉትን የባንድ ፎቶዎች አውጥታችሁ ከጀርባቸው ስም ተጽፎ እንደሆነ እዩልኝ። ካልተጻፈም እሱ በሕይወት እያለ ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ዘፋኙን ብቻ ሳይሆን ከግራ ወደ ቀኝ የቆሙትን ሁሉ።