እርማት፦ «ወዲያው ካላሳከከ አለርጂ አይደለም» ለሚለው

ሰላም እህቴ። ጅማ ሂርማታ ገበያ የገዛሽውን ጉትቻ ለአንድ ሰዓት ክንድሽ ላይ አስረሽ «አላሳከከኝም፤ ስለዚህ ኒኬል አይደለም» ያልሽው ልክ አይደለም። ብዙ ሰው እንደዛ ያስባል። ኒኬል ጌጣጌጥ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚደባለቅ ብረት ነው።

የኒኬል አለርጂ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ላብ ኒኬሉን ከብረቱ ያሟሟዋል፤ ቆዳ ውስጥ ይገባል። ሰውነት ቀድሞ እንደ ጠላት ከመዘገበው፣ ሽፍታው ብዙ ጊዜ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ብቅ ይላል። ለዚህ ነው ሐኪሞች ኒኬል ሰልፌት (የኒኬል ጨው) ያለበት ቅባት ጀርባ ላይ ለጥፈው 48 ሰዓት የሚያቆዩት። ቅባቱ ሲነሳ ቆዳውን ያዩታል፤ ከቀናት በኋላም ደግመው ያዩታል።

«ሦስት ዓመት አድርጌው ምንም አልሆንኩም» ማለትም ዋስትና አይሆንም። ከዓመታት በኋላም ሊጀምር ይችላል።

የጆሮሽ ጫፍ እያዠ ቅርፊት ሠርቷል ብለሻል አይደል? በይ አሁኑኑ አውልቂው። የቆዳ ሐኪም ጋ ስትሄጂም ጉትቻውን ይዘሽ ሂጂ።